ስሙና ጭፈራው፦ የኒውዮርክ የሂስፓኒኮች ሰልፍ እንደ ታሪክ ሰነድ



ሰነድ ሲባል የታሪክ ተማሪ ዓይን ላይ ቶሎ የሚመጣው አቧራ የጠገበ ወረቀት ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሰነድ ግን በእግሩ የሚሄድ፣ የሚዘፍንና የሚጨፍር ነው። ይኸውም በየዓመቱ ኦክቶበር 12 አካባቢ በሚውል እሑድ በኒውዮርክ ከተማ፣ በፊፍዝ አቬኑ የሚካሄደው የሂስፓኒኮች ሰልፍ ነው። ሰልፉ የተጀመረው በ1965 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሜክሲኮ፣ የኮሎምቢያ፣ የኢኳዶር፣ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ የቦሊቪያና የሌሎችም አገሮች ተወላጆች ሰንደቅ ዓላማቸውን አስቀድመው፣ የባህል ልብሳቸውን ለብሰው፣ በጡሩምባና በከበሮ ታጅበው ያልፋሉ። ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ ፎቶግራፍ አንሥቶም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእኛ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

አስቀድመን ስሙንና ቀኑን እንመልከት። ኦክቶበር 12 ኮሎምበስ በ1492 የካሪቢያንን ምድር የረገጠበት ዕለት ሲሆን፣ እስፓኝ በ1987 ባወጣችው ሕግ ብሔራዊ በዓሏ አድርጋዋለች። «ሂስፓኒክ» የሚለውም ቃል የተገኘው ከእስፓኝ ጥንታዊ የላቲን ስም ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1968 የሂስፓኒክ ቅርስ ሳምንትን ሲደነግግ፣ በ1980ው የሕዝብ ቆጠራም ጥያቄውን ለመላው ሕዝብ ሲያቀርብ፣ ቃሉ የመዝገብና የቢሮ ቃል ሆኖ ጸና። የአንዲስ ገበሬ ልጅና የካሪቢያን ዓሣ አጥማጅ ልጅ በአንድ ሣጥን ውስጥ ምልክት እንዲያደርጉ ተጠየቁ።

ሣጥኑን ሁሉም በእኩል አልወደደውም። ፖርቶ ሪካውያን በከተማይቱ ይካሄድ ከነበረው የቀድሞ የጋራ ሰልፍ ተለይተው በ1958 የራሳቸውን ሰልፍ አቋቋሙ። ጊዜው እንዲያው አጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም። በደሴቲቱ በ1948 የወጣው፣ ባንዲራቸውን መያዝን እንኳ እንደ ዐመፅ ማስረጃ ያስቆጥር የነበረው ሕግ የተሻረው ገና በ1957 ነበርና። ያ ባንዲራ የተመረጠው ደግሞ በ1895 በዚያችው በኒውዮርክ፣ በስደተኞች ስብሰባ ላይ ነው።

የቦሊቪያውያን ነገር ከዚህ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። መንግሥታቸው በ2011 ኦክቶበር 12ን «ከቅኝ አገዛዝ የመላቀቅ ቀን» ብሎ ሰይሞታል። የኒውዮርክ ቦሊቪያውያን ግን በዚያው ሰሞን «ሂስፓኒክ» በሚለው ስም ሥር ይሰለፋሉ፤ ያውም ከሁሉ በደመቀ ልብስ። ይህን ተቃርኖ ለማየት ከጭፈራዎቻቸው አንዱን፣ ካፖራሌስ የተባለውን፣ ቀረብ ብለን እንመርምር።

ወንዶቹ በወርቅማ ጥልፍ ያበጠ ትከሻ ያለው ልብስ ለብሰው፣ ቃጭል የተደረደረበት ረጅም ቦት ጫማ አጥልቀው ይዘላሉ፤ አንዳንዶቹም አለንጋ ይይዛሉ። ሴቶቹ አጭር ቀሚስ ለብሰው በተለየ ረድፍ ይሄዳሉ። ተመልካቹ ከጥንት የወረደ ጭፈራ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን ካፖራሌስን በ1969 በላ ፓዝ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረቡት የኤስትራዳ ፓቼኮ ወንድማማቾች ናቸው። እንግዲህ ጭፈራው ከሰልፉ በአራት ዓመት ያንሳል ማለት ነው።

«ካፖራል» ማለት የባሪያ አሠሪ አለቃ ነው። በፖቶሲ በ1545 ብር ከተገኘ በኋላ እስፓኛውያን አፍሪካውያንን በባርነት ወደዚያ ደጋ አምጥተዋል፤ የእነርሱም ዘሮች ኋላ ዩንጋስ በሚባሉት ሞቃት ሸለቆዎች በኮካ እርሻ ላይ ሲሠሩ ኖረዋል። ሳያ የተባለው የከበሮ ዘፈንና ጭፈራ የእነዚህ ሰዎች ነው። የሳያው መሪ በእግሩ ቃጭል ያስራል፤ ቃጭሉን የሰንሰለት ድምፅ ትዝታ አድርገው የሚተረጕሙም አሉ። ወንድማማቾቹ የወሰዱት ይህን መሪ ነው። ወስደውም አባዙት፤ በወርቅ አስጌጡት፤ ከበሮውን ትተው ጡሩምባ ጨመሩለት። ስለዚህ በፊፍዝ አቬኑ የሚያልፈው፣ ሕዝብ የሚያጨበጭብለት ሰው፣ ባሪያው ሳይሆን አለቃው ነው።

ሆብስባውምና ሬንጀር በ1983 ስለ ባህል ፈጠራ ያሳተሙትን መጽሐፍ ያነበቡ ተማሪዎቼ የአንድን ባህል የልደት ቀን ማግኘትን እንደ ድል ይቆጥሩታል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ነበርሁ። ዛሬ ግን ቀኑን ማግኘት ሥራውን ያጋምሰዋል እንጂ አይጨርሰውም እላለሁ። መጠየቅ ያለበት፣ ስደተኛው ከሁሉ ልብስ ይህን ለምን መረጠ የሚለው ነው። ግምቴን ልንገራችሁ፦ ሌላውን ቀን ሁሉ የሰው ታዛዥ ሆኖ ለሚውል ሰው በዚያ ጎዳና ላይ የአዛዥን ልብስ መልበስ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2009 የፔሩ የቁንጅና ተወዳዳሪ ዲያብላዳ የተባለውን የጭፈራ ልብስ ለብሳ በዓለም መድረክ ስትቀርብ የቦሊቪያ መንግሥት በይፋ መቃወሙም፣ ልብስ እዚያ አገር የክብር ጉዳይ መሆኑን ያሳያል።

ይሁን እንጂ ግምቴ የዩንጋስን ሰዎች አቤቱታ አያስቀርም። ካፖራሌስ በዘፈንም በአፍም «ሳያ» እየተባለ ሲጠራ፣ አፍሮ ቦሊቪያውያን «ይህ የእኛ ሳያ አይደለም፤ ስማችንንና አለቃውን ወስዳችሁ እኛን አስቀርታችኋል» የሚል ይዘት ያለው ክርክር ለዐሥርት ዓመታት አካሂደዋል። ክርክሩ ስለ ዳንስ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ሕዝብ ለመቈጠር የተደረገ ትግል ነበር፤ የከበሮው ትንሣኤና የፖለቲካ ማኅበራቸው አብረው ያደጉትም ስለዚህ ነው። በ2009 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ32ኛው አንቀጹ አፍሮ ቦሊቪያውያንን እንደ ሕዝብ ዕውቅና ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ የሰልፉን ፊልም ስታዩ፣ አስተዋዋቂው «ሳያ» ቢል፣ ከበሮ ይሰማ እንደ ሆነ ወይስ ጡሩምባ ብቻ እንደ ሆነ ልብ ብላችሁ አዳምጡ።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ ልተው።