የወንዝ ስም የወጣላቸው መኪኖች

ተከዜ ከላስታ ተራሮች እንደሚነሳ ለሰሜን ወሎ ሰው አይነገረውም። በአንድ ወቅት ግን በዚሁ ስም የሚጠራ የቤት መኪና ነበር። «አባይ» እና «አዋሽ» የሚባሉ ወንድሞችም ነበሩት፤ የሁሉም ቤት ሞጆ ላይ የነበረው የመኪና መገጣጠሚያ፣ ሆላንድ ካር ነው።

መኪና መገጣጠም ለአገራችን አዲስ አይደለም። አምቼ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሞ ለዓመታት የጭነት መኪና ሲገጣጥም ኖሯል። ኤንትሬ የሚባለው የፊያት ጭነት መኪና ከውርጌሳ መርሳ፣ ከመርሳ ወልድያ እያቃሰተ ሲወጣ ያየ ሰውም ፊያትን አሳምሮ ያውቃል። ሆላንድ ካር የተነሳው ግን የቤት መኪና ይዞ ነው። ኢንጂነር ታደሰ ተሰማ ከኔዘርላንድስ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ከደች ኩባንያ ጋር አቋቋሙት። የመጀመሪያዋ መኪና «ዶክ» የድሮው ፊያት 131 የቱርክ ዝርያ ነበረች። «አባይ» ደግሞ የቻይናው ሊፋን 520 ነው። ስሙ የእኛ፣ ሞተሩ የሰው። ኋላ ሊፋን ራሱ እዚሁ መጥቶ መገጣጠም ሲጀምር ሆላንድ ካር ፊቱን ወደ ሌላው የቻይና መኪና፣ ወደ ጃክ አዞረ።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ከሰረ። ማን ገደለው በሚለው ላይ እስከ ዛሬ ሁለት ወሬ አለ። ገንዘብ ከፍለው መኪናቸውን ያልተረከቡ ደንበኞች ጥፋቱን አስተዳደሩ ላይ ይጥላሉ። የድርጅቱ ሰዎች ደግሞ የብሩን መውደቅ ይጠቅሳሉ። ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ13 ብር ከ63 ሳንቲም ወደ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ዘለለ። እስቲ እናስላው፤ 10 ሺህ ዶላር የሚያወጣ የመኪና ዕቃ በአንድ ሌሊት ቀረጡ ሳይታሰብ 27 ሺህ ብር ጨመረ ማለት ነው። በድሮው ዋጋ የተዋዋለ ሻጭ ልዩነቱን ከየት ያመጣዋል? ገዢውስ ተጨማሪ ክፈል ቢባል ለምን እሺ ይላል? ዶላሩን ሳይጨብጡ በብር መዋዋል ቁማር ነው፤ ይህን አልክድም። ቁማሩን ያስበላው ግን ሞጆ ላይ ያለ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው፤ ክስ፣ ዕዳ፣ የተዘጋ በር። ገበያውን የያዘው ያገለገለ ቶዮታ ሆነ። ሊፋን ዱከም ላይ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ቮልስዋገን የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ ነበር፤ ፋብሪካው ግን አልመጣም።

እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክሏል፤ አሁን ተራው የኤሌክትሪክ መኪና ገጣጣሚዎች ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባትሪውም ሞተሩም የሚገዛው በዶላር ነውና፣ ዛሬ ቀብድ የሚከፍል ሰው የምንዛሪው ልዩነት በማን ላይ እንደተጻፈ ውሉን አገላብጦ ቢያይ አይከፋም።