ቀለም ቀቢው በሁለት በር፦ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሽያጭ ታክስ ለውጥ

የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2010 ጀምሮ የራሷን 7 በመቶ የሽያጭ ታክስ ከ5 በመቶው የፌዴራል ታክስ ጋር አዋሕዳ 12 በመቶ አደረገችው። ሰባትና አምስት ቀድሞውንም አሥራ ሁለት ነውና ለውጡ የስም ብቻ ይመስላል። የተለወጠው ግን ታክሱ የሚያርፍበት ነገር ነው። 7 በመቶው ቀደም ሲል የሚከፈለው በዋናነት በዕቃ ላይ ነበር፤ ቤት አዳሹ ጣውላና ቀለም ሲገዛ ይከፍለዋል፣ የእጅ ዋጋውን ግን አይነካም። ከለውጡ በኋላ የእጅ ዋጋውም ገባበት።

አንድ ቀለም ቀቢ ከታክስ በፊት በ5,000 ዶላር ቤት ሊቀባ ተስማማ እንበል፤ 500ው የቀለም፣ 4,500ው የእጅ። በድሮው ሥርዓት በቀለሙ ላይ የከፈለውን 35 ዶላር በዋጋው ላይ ይደምራል፤ በ5,035ቱ ላይ 5 በመቶ ሲታሰብ 251.75 ይመጣል። ባለቤቱ የሚሸከመው ታክስ 286.75 ዶላር ነበር። በአዲሱ 600 ሆነ፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

ያው ሰው በዚያው ዋጋ ሱቅ ቢቀባ ነገሩ ይገለበጣል። የተመዘገበው ባለሱቅ 600ውን ከደንበኞቹ ከሰበሰበው ታክስ ላይ ያቀናንሳል፤ ቀድሞ በዋጋው ውስጥ ተደብቃ የምትቀርበት 35 ዶላርም ቀረችለት። የለውጡ ደጋፊዎች ታክስ በታክስ ላይ መደራረቡ ይቀራል ሲሉ እውነታቸውን ነበር። ሆኖም ከዚያ የሚገኘው የዋጋ ቅናሽ በውድድር ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፤ የቤት እድሳቱ ሒሳብ ግን በመጀመሪያው ቀን ነው የደረሰው። ባለቤቱ የሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ነውና የሚያቀናንስበት የለውም።

ይህን ጸሐፊ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን በመካከል ያለው ትንሽ ነጋዴ ነው። የዓመት ሽያጩ ከ30,000 ዶላር ያልበለጠ ሰው የመመዝገብ ግዴታ የለበትም። ካልተመዘገበ ደንበኛውን ታክስ አያስከፍልም፣ የከፈለውንም አያቀናንስም፤ ለ500 ዶላር ቀለም በድሮውም በአዲሱም ሥርዓት 60 ዶላር ታክስ ይከፍላል፤ ደንበኛውን የሚጠይቀውም ያው 5,060 ነው። በእሱና በተመዘገበው ባልደረባው መካከል የነበረው የ226.75 ዶላር ልዩነት ግን 540 ደረሰ። ጣሪያውን ያለፈ ዕለት፣ ሥራው ሳይሻሻል ዋጋው ይወደዳል። የተመዘገበውንም ደንበኞቹ «ያለ ደረሰኝስ ስንት ትሠራለህ?» ማለት ይጀምራሉ። እሺ ካለ መንግሥት ታክሱን፣ ባለቤቱም ቀለሙ በክረምት ቢላጥ የሚከራከርበትን ወረቀት ያጣሉ። እምቢ ካለ ሥራው ለሌላ ይሄዳል። በእኔ እምነት የእጅ ዋጋ ለሚበዛበት የቤት እድሳት ዝቅ ያለ ምጣኔ ማበጀት ይገባ ነበር፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1999 ለቆዩ መኖሪያ ቤቶች እድሳት 5.5 በመቶ አድርጋ ነበር።

በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በቀድሞው መሪ ቢል ቫንደር ዛልም የተመራው ተቃውሞ ወደ ሕዝበ ውሳኔ አመራ። እ.ኤ.አ. በ2011 በፖስታ በተሰጠው ድምፅ 54.73 በመቶው ታክሱ እንዲሻር ወሰነ፤ የድሮው ሥርዓትም ሚያዝያ 1 ቀን 2013 ተመለሰ። የቤቱ ባለቤት ደረሰኝ ላይ እንደገና 5 በመቶ ብቻ ይታይ ጀመር። የባለሱቁ 35 ዶላርም ወደ ቀለም ቆርቆሮው ተመልሳ ገባች።