«መሪ» የሚለው ቃል

«መሪ» ሲባል ዛሬ በብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው ወንበር ያለውና ትእዛዝ የሚያወጣ ሰው ነው፤ ነገር ግን የቃሉ ሥር ግእዙ «መርሐ» ሲሆን፥ ፍቺውም ቀድሞ መንገድ አሳየ፥ እጅ ይዞ ወሰደ ማለት ነውና፥ ዐይነ ሥውሩን በበትሩ ጫፍ ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያደርሰው ብላቴና በእውነት መሪ ነው። «መርሕ»ና «መርሐ ግብር»ም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው።

ይህን ጥንታዊ ፍቺ ከሁሉ አጥርተው የሚያሳዩኝ የነርስ መምህራን ናቸው። ለምሳሌ፥ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር፤ በሽተኛን መንከባከብ በእንዲህ ያለ ትምህርት ይገኛል፥ መምህራንን መምራት ግን፥ ትጉህ ነርስ ስለ ሆኑ ብቻ የሚገኝ ጸጋ አይደለም፥ የቀደመ ሰው እጅ ይሻል። አንዳንዶች ይህን የቀደመ ሰው «አማካሪ» ይሉታል፤ እኔ ግን አልስማማም፤ አማካሪ ከተቀመጠበት ይናገራል፥ መሪ ግን አብሮ ይሄዳል።

እንዲህ ያለችው ነባር የነርስ መምህርት ተማሪዎችን በየሕሙማን ክፍሉ የመመደቡን ሥራ በመጀመሪያው ወራት ጀማሪዪቱን መምህርት ከጎኗ አስቀምጣ ታሳያታለች፤ በኋላ ግን የምደባውን ሰሌዳ አስረክባት፥ የምደባውን ስብሰባ ጀማሪዪቱ ስትመራ ከዳር ተቀምጣ በትዕግሥት ታዳምጣለች። ሲያበቃም በኮሪደሩ እየሄዱ፥ «ሲስተር፥ ያቺ ጥግ የቆመችው ልጅ ለምን ዝም ያለች ይመስልሻል?» ብላ ትጠይቃታለች፤ መልሱን ግን አትነግራትም።