የጃንዋሪዋ ሰኞ በማን ላብ መጣች?



አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር ሦስተኛው ሰኞ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት አይሄዱም። ባንክ ይዘጋል፣ ፖስታም አይመጣም። ቀኑ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ነው። ስለ ዶክተር ኪንግ ሕልም ብዙ ተብሏል። ዛሬ የምናነሳው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ይህን ቀን ማን አመጣው? ፖለቲከኞች በቸርነት የሰጡት ነውን? አይደለም። የሠራተኞች ትግልና መዋጮ አለበት።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። እ.ኤ.አ. በ1925 ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ በባቡር የመኝታ ፉርጎዎች ውስጥ የሚያገለግሉትን ጥቁር ሠራተኞች በማኅበር ማደራጀት ጀመሩ። አሠሪው ኩባንያ ከማኅበሩ ጋር ውል እስኪፈርም ድረስ 12 ዓመት ፈጀ። ኦገስት 28 ቀን 1963 ወደ 250 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የወጣበትን የዋሽንግተን ሰልፍ የመሩትም እኚሁ ሰው ናቸው። የሰልፉ ሙሉ ስም «ለሥራና ለነፃነት» የሚል ነበር። «ሥራ» የሚለው ቃል ቀድሞ መቀመጡን ልብ በሉልን። የዶክተር ኪንግን ንግግር ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ላሰማው የድምፅ ማጉያ ገንዘብ ያዋጡት የሠራተኛ ማኅበራት ናቸው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ሁሉም ማኅበር ከጎናቸው አልቆመም። የአገሪቱ ትልቁ የማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አመራር ሰልፉን አልደግፍም ብሏል። ጥቁርን በአባልነት የማይቀበሉ ማኅበራትም ነበሩ። ስለዚህ ትግሉ ከአሠሪ ጋር ብቻ አልነበረም፤ በሠራተኛው ቤት ውስጥም ነበር።

ከዚያ ወደ ሜምፊስ ከተማ እንሂድ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተባሉ ሁለት ጥቁር የቆሻሻ መኪና ሠራተኞች ከዝናብ ለመጠለል መኪናው ውስጥ ገቡ። ቆሻሻ መጭመቂያው ሳይታሰብ ተነስቶ ጨፍልቆ ገደላቸው። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ 1,300 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት መፈክር «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ነበር። ጥያቄያቸው የደመወዝ ጭማሪ ብቻ አልነበረም። ከተማው ማኅበራቸውን እንዲያውቅላቸው፣ የአባልነት መዋጯቸውም ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ ይፈልጉ ነበር። ከንቲባው እምቢ አሉ። ዶክተር ኪንግ ወደ ሜምፊስ የሄዱት ለእነዚህ ሰዎች ነው። ኤፕሪል 4 ቀን የተገደሉትም እዚያው ነው። ኤፕሪል 16 ቀን ከተማው ማኅበሩን አወቀ።

ጆን ኮንየርስ የተባሉ የኮንግረስ አባል ልደታቸው ብሔራዊ በዓል እንዲሆን ሐሳብ ያቀረቡት በተገደሉ በአራተኛው ቀን ነበር። ሕግ እስኪሆን ግን 15 ዓመት አለፈ። ተቃዋሚዎች አንዱ ክርክራቸው «ለመንግሥት ሠራተኛ የሚከፈል ዕረፍት ወጪ ያበዛል» የሚል ነበር። በ1979 በተወካዮች ምክር ቤት አምስት ድምፅ ጎድሎት ወደቀ። በእነዚያ ዓመታት ማኅበራት ሕጉን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። የሆስፒታልና የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ከአሠሪዎቻቸው ጋር ሲደራደሩ ቀኑን የዕረፍት ቀን አድርጉልን ብለው ጠየቁ። በኖቬምበር 1983 ፕሬዚዳንት ሬገን ሕጉን ፈረሙ። ቀኑም በ1986 ለመጀመሪያ ጊዜ ተከበረ።

ይህን ለምን እናነሳለን? የእኛም ታሪክ የሚያስተምረው ስላለ ነው። በአገራችን የካቲት 1966 ዓ.ም. የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ መትቶ ዘውዱን አነቃነቀ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ያንን ማኅበር አፍርሶ በ1969 ዓ.ም. የራሱን ተካ። በዚያው ዓመት በሜይ ዴይ ዋዜማ ሰልፍ ሊወጡ የተዘጋጁ ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ ተጨፈጨፉ። ከዚያ በኋላ ሜይ ዴይ በየዓመቱ በባንዲራና በሰልፍ ደምቆ ይከበር ነበር። ሠራተኛው ግን አፍ አልነበረውም። በዓሉ ነበረ፣ ባለቤቱ አልነበረም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ራሱ ታግሎ ያመጣው ቀን መብቱን ያስታውሰዋል። ነፃ ማኅበር በሌለበት ከላይ የሚታደለው ቀን ግን ከጭብጨባ አያልፍም።

በፓርኪንግ፣ በሆቴል፣ በኤርፖርት የምትሠሩ ወገኖቻችን፣ ማኅበራችሁ ስለ ሰብአዊ መብት ወይም ስለ እኩልነት ቀን ስብሰባ ሲጠራ «ይህ ከደመወዜ ጋር ምን አገናኘው?» አትበሉ። የሜምፊስ ሠራተኞች ደመወዝንና ሰውነትን ለይተው አልጠየቁም። በመጪው ጃንዋሪ ልጆቻችሁ «ዛሬ ለምን ትምህርት የለም?» ካሏችሁ፣ ከዶክተር ኪንግ ስም ጋር የሁለቱን ቆሻሻ አንሺዎች ስም አብራችሁ ንገሯቸው።