«የሚቀጥለው መንደር» እና ሁለቱ አንባቢዎቹ

የአንድ ድርሰት ማጠር ትርጉሙን ግልጽ ያደርገዋል የሚለው አስተሳሰብ በመምህራንም ሆነ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ረዥም ልብ ወለድ አንባቢውን በየምዕራፉ ሊያሳስተው ይችላል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ ትረካ ግን ለክርክር ቦታ የሚተው አይመስልም። የፕራጉ ደራሲ የፍራንዝ ካፍካ «የሚቀጥለው መንደር» ይህን አስተሳሰብ ያፈርሰዋል። ድርሰቱ የ1919 ቀን በሰፈረበት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) «የገጠር ሐኪም» በተሰኘው መድበል ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከአንድ አጭር አንቀጽ አያልፍም።

ታሪኩም ይኸው ነው። አንድ የልጅ ልጅ አያቱ ይሉት የነበረውን ይናገራል። ሽማግሌው ሕይወት እጅግ አጭር ናት ይላሉ። ወደ ኋላ ሲመለከቷት ተጨማዳ ስለምትታያቸው፣ አንድ ወጣት በፈረስ ወደሚቀጥለው መንደር ለመሄድ እንዴት እንደሚቆርጥ ሊገባቸው አልቻለም። ድንገተኛ አደጋው ይቅርና፣ ሰላማዊው የዕድሜ ዘመን እንኳ ለዚያ መንገድ ጨርሶ ላይበቃ ይችላልና። ከዚህ በኋላ የተጻፈ ነገር የለም።

በ1934 ነሐሴ ወር ይህን አንቀጽ በመካከላቸው አድርገው የተከራከሩት ሁለት ጀርመናውያን ስደተኞች ነበሩ። ባለተውኔቱ ቤርቶልት ብሬክት የበርሊኑ ምክር ቤት ሕንጻ በተቃጠለ ማግስት፣ በ1933 የካቲት መጨረሻ አገሩን ለቆ በዴንማርክ፣ በስቬንድቦርግ ከተማ አጠገብ ተጠልሏል። ሐያሲው ቫልተር ቤንያሚንም በመጋቢት ከጀርመን ወጥቶ በፓሪስ ሲንከራተት ቆይቶ፣ በዚያ ዓመት የብሬክት እንግዳ ሆነ። ሁለቱ ወዳጆች ቼዝ ይጫወታሉ፤ ስለ ሥነ ጽሑፍም ይሟገታሉ። ቤንያሚን ክርክሩን በማስታወሻው ባያሰፍረው ኖሮ ለትውልድ ባልተላለፈም ነበር።

ብሬክት ድርሰቱን ያነጻጸረው ከጥንታዊው የግሪክ እንቆቅልሽ ጋር ነው። ፈጣኑ አኪሊስ ኤሊዋን አይደርስባትም፤ እርሷ ከነበረችበት ስፍራ በደረሰ ቁጥር ጥቂት ፈቀቅ ብላ ትገኛለችና። ሽማግሌውም እንዲሁ መንገዱን እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ስለከፋፈሉት ጉዞው ማለቂያ አጣ። በብሬክት አመለካከት ስሕተቱ ያለው ተጓዡን ሳይከፋፈል የሚዘልቅ አንድ ሰው አድርጎ በመውሰዱ ላይ ነው። መንገዱ ከተከፋፈለ ፈረሰኛውም ይከፋፈላል፤ ከመንደሩ የሚደርሰው ከቤቱ የተነሳው ሰው አይደለም። ስለዚህ የዕድሜው ማጠር የሚያስፈራ ነገር አይሆንም።

ቤንያሚን በዚህ አልተስማማም። ለእርሱ የሕይወት እውነተኛ መለኪያ ትዝታ ነው። ትዝታ ዘመንን ወደ ኋላ እንደ መብረቅ ታቋርጣለች፤ አንባቢ ጥቂት ገጾችን መልሶ በሚገልጥበት ፍጥነት፣ ከመንደሩ ተነስታ ወጣቱ ለመሄድ ወደ ቆረጠበት ስፍራ ትደርሳለች። ሰው ራሱን የሚያገኘው ሕይወቱን እንዲህ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሲያነብ ነው ባይ ነበር።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ብሬክት በወጣቱ ፈረስ ላይ ሲወጣ፣ ቤንያሚን ከሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀመጠ ማለት ይቻላል። ብሬክት በ1926 ለመድረክ ባበቃው «ሰው ሰው ነው» በተሰኘው ተውኔቱ አንድን ተራ ሠራተኛ እንደ መኪና ፈታትቶ ሌላ ሰው፣ ወታደር አድርጎ ገጣጥሞታል። ቤንያሚን ደግሞ የትዝታውን ደራሲ የማርሴል ፕሩስትን ሥራ ወደ ጀርመንኛ ከተረጎሙት አንዱ ሲሆን፣ በስደት ዘመኑም የበርሊን ልጅነቱን የሚያስታውስ መጽሐፍ ይጽፍ ነበር። እያንዳንዱ ከአንቀጹ ያነበበው የራሱን ሥራ ጥያቄ ነው።

የአገራችን የትርጓሜ ሊቃውንት «አንድም» እያሉ አንዱን ፍቺ ከሌላው ጎን ያስቀምጣሉ። የስቬንድቦርጎቹን ሁለት ፍቺዎች ግን እንዲህ ማስቀመጥ ያስቸግራል። ብሬክት ትክክል ከሆነ፣ የቤንያሚን ትዝታ ተመልሳ የምታገኘው ባለቤት የላትም፤ የተነሳው ሰውና የሚያስታውሰው ሰው አንድ አይደሉምና። ቤንያሚን ትክክል ከሆነ ደግሞ ብሬክት ሽማግሌውን ጨርሶ አልሰማቸውም።

ጠቡ በአንቀጹ ብቻ አልተወሰነም። ቤንያሚን ስለ ካፍካ የጻፈውን ሰፊ ሐተታ ብሬክት አጥብቆ ነቀፈው። በካፍካ ዙሪያ ያለውን ጨለማ በመግፈፍ ፈንታ ያበዛዋል፣ አልፎ ተርፎም የአይሁድ ፋሺዝምን ያገለግላል አለው። ከናዚዎች ለሸሸ አይሁዳዊ ይህ የከበደና ፍትሕ የጎደለው ቃል ነበር። ያም ሆኖ ሂትለር ሥልጣን በጨበጠበት ዘመን ከማንኛውም ጽሑፍ ለትግል የሚጠቅመውን ለይቶ ማውጣት ይገባል የሚለው የብሬክት ስጋት ከባዶ ሜዳ የመነጨ አልነበረም።

ተመሳሳይ ክርክር በ1963 በፕራግ አቅራቢያ በሊብሊሴ በተደረገው የካፍካ ጉባኤ ላይ እንደገና ተነሳ። ኤርንስት ፊሸርና ሮዤ ጋሮዲ ካፍካ የገለጸው ባይተዋርነት በሶሻሊስት ኅብረተሰብም ውስጥ አልጠፋም ሲሉ፣ የምሥራቅ ጀርመን ተወካዮች ያለፈው ሥርዓት ጉዳይ ነው ብለው ተቃወሙ። የጉባኤው ዋና አዘጋጅ ኤድዋርድ ጎልድሽቱከር ከ1968ቱ ወረራ በኋላ ለስደት ተዳረገ።

ብሬክት በ1948 በርሊን ገባ። ቤንያሚን ግን በ1940 መስከረም የፒሬኔን ተራራ በእግሩ ተሻግሮ ፖርትቡ በምትባለው የስፔን የጠረፍ ከተማ ሲደርስ ወደ ፈረንሳይ ትመለሳለህ ተባለ፤ በዚያው ሕይወቱ አለፈ። ሽማግሌው ከሒሳባቸው ውጭ ያደረጉትን ድንገተኛ አደጋ ከሁለቱ ተከራካሪዎች አንዳቸውም የክርክራቸው ማዕከል አላደረጉትም ነበር። ስለ ልጅ ልጁም ያሉት ነገር የለም፤ እርሱም የአያቱን ቃል አቀበለ እንጂ ልክ ናቸው ወይም ተሳስተዋል አላለም።