ጎንደር ስንሄድ የት እንረፍ?

ለዚህ የመገናኛ በዓል መጽሔት ስለ ጎንደር ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ስጠየቅ መጀመሪያ የታሰበኝ ፋሲል ግንብ ነበር። ተውኩት። ስለ ግንቡ ከእኔ የተሻለ የሚያወራ ሰው ጃንተከል ዋርካ ሥር ሁልጊዜ አይጠፋም። በዚያው ሰሞን አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደወለና ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ፣ «ስማ፣ የት ነው የምናርፈው? አልጋ ቶሎ ካልያዝን እኮ ያልቅብናል» አለኝ። እኔ የምኖረው አታት ነው፤ ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ጉብሬን አለፍ እንዳሉ የሚገኘው አታት። ከዚህ ሆኜ የጎንደርን አልጋ ለማማረጥ የምመች ሰው አይደለሁም። ጥያቄው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ጎንደር ከተቆረቆረች ጀምሮ እንግዳዋ ሁሉ የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ መልሱም የእንግዳውን ማንነት እያየ ሲለዋወጥ ኖሯል።

ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ከተማዋን መናገሻ ሲያደርጓት ሆቴል የሚባል ነገር የለም። እንግዳ ሰው ቤት ነው የሚያርፈው። የትኛው ሰው ቤት የሚለውን ግን የሰፈሩ አቀማመጥ ይወስነዋል። ጳጳሱ አቡን ቤት፣ እጨጌው እጨጌ ቤት ነበሩ፤ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ ጉባኤ ተደርጎ ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር እስላም ቤት ተባለ። ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ነው። ከሱዳን ወይም ከምጽዋ የመጣ ነጋዴ ማንንም መንገድ ሳይጠይቅ ወደዚያ ይወርዳል፤ ወገኑ አለ፣ የወሬውም የገበያውም ምንጭ እዚያው ነው። እጨጌ ቤት ደግሞ የመማፀኛ ሰፈር ስለነበረ ዘመኑ ሲከፋ ሰዉ ራሱንም ንብረቱንም ወደዚያ ያሸሽ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን «የት ልረፍ?» ማለት «ማን ይጠብቀኛል?» ማለት ነበር።

ከውጭ አገር ከመጡት መካከል ሁለቱ ለእኛ ለጤና ሰዎች ቅርብ ናቸው። ፈረንሳዊው ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 የመጣው ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ሊያክም ነው፤ ያረፈውም እዚያው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ሲደርስ ንጉሡም ራስ ሚካኤልም ከከተማ ወጥተው ነበርና መጀመሪያ ያረፈው ሙስሊሞቹ ሰፈር ነው። ብዙም ሳይቆይ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብ ፈንጣጣ ገባ፤ ሰውየው መድኃኒት ያውቃል ተባለና ቁስቋም ተጠራ። ከታች ሰፈር ወደ እቴጌዋ ግቢ የወሰደው መንገድ ይኸው ነው። ወርቅ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ያ በር በዚያ ፍጥነት የሚከፈትለት አይመስለኝም።

ጎንደርን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ያደረጋት የእኛ ኮሌጅ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ግን ይታረም። ከእኛ በፊት ለዘመናት የአብነት ተማሪ ከየአገሩ ይጎርፍባት ነበር። አቋቋም የፈለገ በአታ፣ ቅኔና መጻሕፍት የፈለገ መምህሩ ወዳለበት ይሄዳል። ያ ተማሪ ማደሪያውን የሚመርጠው መምህሩን በመምረጥ ነው። ደብሩ አጠገብ ጎጆውን ይቀልሳል፤ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየቤቱ ይለምናል። የከተማውን ሰው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የትኛው ቤት ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛዋ እናት ትኩስ እንጀራ እንደምትሰጥ በልቡ ይዞታል። እኛ መኝታ ክፍልና ምግብ ቤት ተዘጋጅቶልን የተማርነው አራት ዓመት ተቀምጠን ከአጥሩ ማዶ ያለውን ጎረቤት ስም ሳናውቅ ወጥተናል። አንዳንዶቻችን ማለቴ ነው።

መንገደኛውም ቢሆን ወግ ነበረው። ሲመሽበት ከደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል፤ ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል፣ እግር ይታጠባል፣ መደብ ላይ ቁርበት ይነጠፋል። ሁልጊዜ እንዲህ ሰምሮ ነበር ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ሲያስዘርፉና ሲያቃጥሉ፣ በ1888 ደግሞ ደርቡሽ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያነድ፣ አሳዳሪውም ራሱ ማደሪያ አጣ።

በገንዘብ የሚታደርበት ቤት በደንብ የተለመደው ከጣሊያን ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። ጣሊያን ጎንደርን የአማራ ግዛቱ ዋና ከተማ አድርጎ ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማ ቤቱን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1941 እጁን የሰጠውም እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ እነ ቋራ፣ እነ እቴጌ መነን፣ ኋላም ኮረብታው ላይ ጎሃ ስም አወጡ። ከእነሱ ጎን ከፊት ቡና ቤት፣ ከጓሮ አልጋ የሆነው ቤት በዛ። ቃሉ ራሱ ይገርመኛል፤ ክፍል ተከራየሁ አንልም፣ አልጋ ያዝኩ ነው የምንለው። እንግዳው ከአሳዳሪው ጋር የነበረው ወሬ ቀርቶ በቁልፍ ተተካ።

ኮሌጃችን በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከጨረሰ በኋላ መሆኑን ሁላችሁም በመጀመሪያው ሳምንት ሰምታችኋል። መሥራቾቹ ያስተማሩን አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር ሐኪም ታማሚው በሚያድርበት ቦታ ማደር እንዳለበት ነው። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒቴሪያኑ ተማሪ በቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ የሚወጡት ለዚህ ነበር። የእኛ ቡድን ዕጣው ቆላ ድባ ሆነ። አንዲት ባልቴት ጓሮ ሁለት ክፍል ተከራይተን ሳምንታት ተቀመጥን። እማማ ቤታቸውን አከራይተውን ሳለ እንደ እንግዳ ነበር የሚያዩን፤ ቡና ካልጠጣን ይቆጣሉ።

አንድ ሌሊት ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ መጣች። ወደ ጎንደር መላክ ነበረባት። ይህን ስንናገር አማቷ፣ ሽበታም ሰውዬ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ የተናገሩት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ልጄ፣ መሄዱንስ እንሂድ፤ ጎንደር ማን አለን? የት ልናድር ነው?» ወጪውንም፣ ርቀቱንም፣ ሕክምናውንም አላነሱም። ሲመካከሩ ነጋ። ሲነጋ ሄዱ፤ እሷ ተረፈች፣ ልጁ አልተረፈም። በመጽሐፍ ላይ ስለ መዘግየት ተምረን ነበር፤ አንድ ሰው አልጋ ስለሌለው ሊዘገይ እንደሚችል ግን የነገሩኝ እኚያ ሰውዬ ናቸው።

ዕጣ ወደ ጉራጌ ካመጣኝ በኋላ መልሱን ተሠርቶ አገኘሁት። የአታት ሆስፒታልን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የከፈቱት የሕክምና ሚስዮን ሲስተሮች ናቸው፤ በዚያው አሥርት ዓመት የነፍሰ ጡሮች ማቆያ ተጀመረ። ለአደጋ ታሰጋለች የተባለች እናት መውለጃዋ ሲቃረብ ቀደም ብላ መጥታ ግቢው ውስጥ ትቆያለች። ስንቋን ይዛ፣ የምታበስልላት ዘመድ አስከትላ ትመጣለች፤ ቆጮውም ጎመኑም እዚያው ይሠራል። ምጥ ሲመጣ በጥቂት እርምጃ ማዋለጃው ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 የነበረው መዝገብ ተጠንቶ ታትሟል። በ22 ዓመት 24,148 ወሊድ ተመዝግቧል፤ 6,805ቱ በማቆያው ያለፉ ናቸው። በማቆያው ካለፉት በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት የሞቱት እናቶች ወደ 90 ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። ሞቶ የተወለደ ሕፃን ከ1,000 ወሊድ በአንደኛው ወገን ወደ 18፣ በሌላው 191። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የደረሱ ናቸውና ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው መስጠት ልክ አይደለም። ቢሆንም «ከተበላሸ በኋላ የደረሱት» ለምን እንደዚያ ሆኑ? የቆላ ድባው ሰውዬ መልሱን ነግረውኛል።

አንዳንድ ቀን ወደ ማቆያው ጎራ እላለሁ። ከሩቅ ከመጡት አንዷን «አዶቴ፣ ለመዱት?» ብላት ስቃ፣ «ቤት መሰለኝ እኮ፤ እዚህ ማን ያዘኛል፣ ውሃ ቅጂ የሚለኝ የለ» አለችኝ። ስለ መስተንግዶ ከዚህ የተሻለ አስተያየት ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ፤ ታሪክ አውርቶ አልጋ ሳይጠቁም የሚቀር ሰው አያስደስትም። ጎሃ ከላይ ሆኖ ከተማዋን በሙሉ ያሳያል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት ወደር የለውም፤ ግን ለመውጣትም ለመውረድም ተሽከርካሪ ይፈልጋል፣ ማታ ሰብሰብ ብሎ ለመጫወት ለሚመጣ ሰው ይለያያል። አዘዞ ለአውሮፕላን ተሳፋሪ ይመቻል፤ ለቀረው አይመቸውም። ፒያሳ ይጮኻል፤ ሌሊቱን ሙዚቃ አለ፤ ጠዋት ግን ከበር ወጥተህ ግንቡን፣ እጨጌ ቤትን፣ አዲስ ዓለምን በእግርህ ትደርሳለህ። የእኔ ምርጫ ሆስፒታሉ አካባቢ ካሉት ፔንሲዮኖች አንዱ ነው፤ የሚያድሩባቸው በአብዛኛው አስታማሚዎች ናቸው። ጠዋት ፔርሙዝ ይዘው ሲወጡ ማየት ለእኛ ከየትኛውም ግንብ በላይ የትምህርት ቤታችን ታሪክ ነው። በጥምቀት ሰሞን የምትመጡ ግን ይህን ሁሉ ምክር ተዉት፤ ያገኛችሁትን ያዙ።

ይህንኑ ለጓደኛዬ ስነግረው ዝም አለና፣ «ሙቅ ውሃ አለው?» አለኝ።

«በባልዲ ያመጡልሃል።»

«እሺ፣ አራት አልጋ ልያዝ። የጉልበት ሕመም ላለባት እህታችን ምድር ቤት እጠይቃለሁ።»

«ሦስት ያዝ» አልኩት። የመጀመሪያውን ሌሊት ቆላ ድባ ነው የማድረው። እማማ በሕይወት እንዳሉ ባለፈው ወር ከአንድ የአካባቢው ልጅ ሰምቻለሁ። አልጋ አልያዝኩም፤ ቡና ብቻ ሁለት ኪሎ፣ የእዝያው የጉራጌ ቡና፣ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።