የአዲስ አበባ አከራይና የቤቱ ዕድሜ

በአዲስ አበባ ጥቂት ክፍል ሠርቶ ማከራየት ለብዙ ቤተ ሰብ የእርጅና መጦሪያ ነበር። ይህን ኑሮ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ለወጠው። አዋጁ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፥ ብዙ ቤት ያለውን ባለጸጋና አንድ ትርፍ ቤት አከራይቶ የሚተዳደረውን አልለየም። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ።

ለተከራዩ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ እንደ ሆነ ለዓመታት ስለ ቈየ፥ ለጥገና የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘም። አብዛኛው የቀበሌ ቤት ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነበርና ጣራው አፈሰሰ፥ ግድግዳውም ዘመመ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ከኪራይ ላይ አስቀድሞ የሚነሣው የቤቱ ድርሻ መሆኑ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ኪራይ እንደ ገና ተስፋፍቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደነገገ። ጭማሪውም በአከራዩ ፈቃድ ብቻ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ጀማሪ አከራይ ውሉን ከመፈረሙ በፊት የጣራውን፥ የቧንቧውንና የግብሩን ወጪ አስልቶ ኪራዩን ሊወስን፥ በየወሩም ለጥገና ሊያስቀምጥ ይገባዋል። ኪራዩን ሁሉ የበላ ሰው ውሎ አድሮ ቤቱን መብላቱ አይቀርም።